ቅዳሜ ጠዋት ባቢሌ፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ

የእግር ኳስ አፍቃሪው የቅዳሜ ፕሮግራም የታወቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚታይበት ቤት ይገባል፣ እስከ ማታ አይወጣም። ልጅ ያለው ደግሞ ወይ ልጁን አስከትሎ ይሄዳል፣ ወይ ቤት ትቶት ማታ ኩርፊያውን ይችላል። ታዲያ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የእንግሊዝ ክለቦች ኳስ የሚያንከባልሉት ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱ ባዶ ነው። ሐረር፣ ድሬዳዋ ወይም ጅጅጋ ለሚኖር ሰው ደግሞ ያንን ባዶ ጠዋት የሚሞላ ቦታ ቅርብ ነው። ስሙ ባቢሌ ይባላል።

ባቢሌን ብዙው ሰው የሚያውቃት በጠርሙስ ውኃዋና በኦቾሎኒዋ ነው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኝ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን የሚነገርባት፣ የግመል ገበያ ያላት ከተማ ነች። ከተማዋን አልፎ ወደ ጅጅጋ ሲቀጠል መንገዱ ዳካታ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ፈረንጆቹ «የተአምራት ሸለቆ» ብለውታል፣ አላጋነኑም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ አንዳንዱም በጠባብ አንገት ላይ ተቀምጦ፣ ነካ ቢያደርጉት የሚወድቅ መስሎ ይታያል።

ማንም ግን አልደረደረውም። ድንጋዩ ግራናይት ነው። ግራናይት ሲሰነጠቅ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ ጠርዙን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ማዕዘን የነበረው ይድቦለቦላል። ዙሪያው ያለውን አፈር ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። በስተመጨረሻ ጠንካራው ብቻ ቆሞ ይቀራል። ይህንን ለአስር ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ማስረዳት ይከብዳል። ድንጋዩ ሥር ቆሞ ግን ራሱ ይገባዋል።

ልጅን ይዞ ኮረብታ መውጣት በሌላው ዓለም ትልቅ ልማድ ነው። የሰር አሌክስ ፈርጉሰንና የኬኒ ዳልግሊሽ ሀገር ስኮትላንድን እንይ። እዚያ ተራራ እንደ ሊግ በደረጃ ተከፍሏል። ከ3000 ጫማ ወይም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑት «መንሮ» ይባላሉ። ስያሜውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1891 ዝርዝራቸውን ካወጡት ከሰር ሂው መንሮ ነው፤ ዛሬ ቁጥራቸው 282 ነው። ቤተሰብ ግን የሚጀምረው ከፕሪሚየር ሊጉ አይደለም፣ ከታችኛው ዲቪዚዮን ነው። ኤድንብራ መሀል ያለው «አርተርስ ሲት» 251 ሜትር ብቻ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ይወጡታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሂበርኒያን ክለብ ስታዲየም ኢስተር ሮድ አለ። ይህ ሜዳ ራሱ ዳገት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪስተካከል ድረስ በአንዱና በሌላው ጎል መካከል ሁለት ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ነበር። ባለሜዳው ዳገቱን ያውቀዋል፣ እንግዳው ቡድን ይደክማል። የሰፈር ሜዳ ላይ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን የሚገርመውን እንናገር። የስኮትላንድ ብቻ ሳይሆን የመላው ብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ ቤን ኔቪስ 1345 ሜትር ነው። ባቢሌ ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። እንግዲህ ባቢሌ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ አንድ እርምጃ ሳይወጣ፣ የብሪታንያን ጣሪያ አልፎታል ማለት ነው! የሸለቆው ዳር ኮረብታዎች ከሥራቸው ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። ለልጅ እግር የሚበቃውም እሱ ነው።

ሆኖም ዝም ተብሎ አይወጣም፤ ታክቲክ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ሰዓት። የምሥራቅ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መጀመር፣ ሳይረፍድ መውረድ ነው። ሁለተኛ፣ ጫማ። አካባቢው ግራርና ቁልቋል ነው፤ በነጠላ ጫማ የወጣ ልጅ እሾህ ሲነቀልለት ይውላል። ሦስተኛ፣ ስንቅ። ለእያንዳንዱ ልጅ ውኃ፣ ከዚያም ሳምቡሳ ወይም ከባቢሌ ገበያ የተገዛ ኦቾሎኒ፣ ኮፍያም አይረሳ። አራተኛ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ። ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይከተትም፤ ጊንጥና እባብ ቤታቸው እዚያ ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ የተደረበው ድንጋይ ላይ ልጅ አይወጣም። ፎቶ ይነሡ፣ ዙሪያውን ይሩጡ። የሚወጣው አፈርና ደረጃ ያለው የኮረብታው ጎን ነው። ይህን ለልጅ ከመኪና ሳይወርድ መንገር ይሻላል። እላይ ከወጣ በኋላ የሚጮህ አባት በተጨማሪ ሰዓት ተጫዋች እንደሚቀይር አሰልጣኝ ነው፣ አርፍዷል።

የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ትንሹ ልጅ ነው። ትልቁ ቀድሞ መሮጥ ይፈልጋል፣ ትንሹ በየአምስት ደቂቃው «ደረስን?» ይላል። ያወቀበት ወላጅ ትንሹን ከፊት ያደርገዋል፣ ትልቁን «አንተ ከኋላ ጠብቅ» ብሎ ኃላፊነት ይሰጠዋል። ሁለቱም ይደሰታሉ። ትንሹ እግሩ ዝሎ ቁጭ ካለ ጨዋታው አለቀ፣ ይመለሳል። ጫፍ አለመድረስ ሽንፈት አይደለም፤ አልቅሶ ጫፍ የደረሰ ልጅ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ አይነሣም። ቁልቁለቱን መናቅም አይገባም። ሰው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሲወርድ ነው፣ ጉልበት ደክሞ ልብ ሲዝናና።

ከባቢሌ በስተደቡብ ያለው የዝሆኖች መጠለያ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ወደ 7000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሰፊ ቦታ ነው። ዝሆን ለማየት ያለ ስካውት ልጅ ይዞ መግባት ጀግንነት ሳይሆን ድፍረት ነው። ዝሆኑም በሰፈራና በአዳኞች ተጨንቆ የሚኖር እንስሳ ነው፣ ድንገት የመጣበትን ሰው በፈገግታ አይቀበልም።

ዳገት የወጣ ልጅ ሁሉ ቀነኒሳ ይሆናል ማለት አይደለም። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በዳገት ብቻ ሳይሆን በዓመታት ልምምድና እንደ ሰንታየሁ እሸቱ ባለ አስተማሪ ትጋት ነው። ኃይሌም ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ሜዳልያ አላሰበም። የከተማ ልጅ ግን ያ መንገድ የለውም። ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ክፍል ነው። የሰፈር ሜዳውም ሕንፃ እየበቀለበት ነው። ልቡ ድው ድው እስኪል፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ እስኪገባ የሚወጣው ነገር ሊፈለግለት ይገባል።

ባቢሌ ሌላም ነገር ታስታውሳለች። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን የተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅል፣ ይህ አካባቢ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ያን ጊዜ በዚህ መንገድ ልጅ ይዞ ለሽርሽር መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮችን መጠየቅ የጉዞው አካል ነው። የአንድ አካባቢ ሰላም በስብሰባ መግለጫ ብቻ አይለካም፤ ከጅጅጋ የመጣ ልጅና ከሐረር የመጣ ልጅ አንድ ኮረብታ ላይ ኦቾሎኒ ሲካፈሉ ከታየ ያ ትልቅ ውጤት ነው።

ለማንኛውም ከባቢሌ ሐረር መንገዱ አጭር ነው። በጊዜ የወረደ ቤተሰብ ምሳውን ቤቱ ይበላል፣ ልጆቹ ደክሟቸው ይተኛሉ፣ አባትም ያለ ምንም ጭቅጭቅ ኳሱን ያያል።