ሳል እስኪጀምረን አንጠብቅ

አስቤስቶስ እንደ ቃጫ የሚሰነጠቅ፣ እሳት የማይበግረው ማዕድን ነው። በመርከብ ሥራ፣ በጣሪያ ክዳንና በቧንቧ መሸፈኛ ሲሠራበት ኖሯል። ብናኙ የሚያመጣው የሳንባ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ15 ዓመት በኋላ፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ሲጋራ ሲታከልበት አደጋው እጅግ ይበረታል።

ታዲያ ሳል እስኪመጣ መጠበቅ ይገባልን? አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ ብዙ ያጨሱ ሰዎችን አነስተኛ ጨረር ባለው ሲቲ ስካን በየዓመቱ መመርመር፣ በደረት ራጅ ከመመርመር ይልቅ በሳንባ ካንሰር መሞትን በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሆኖም ምርመራው ካንሰር ያልሆነ እባጭም አሳይቶ ሊያስጨንቅ ስለሚችል ለሁሉም አይታዘዝም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው የት፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ማጨስ አለማጨሱንም ለሐኪሙ ይንገር። የሚያጨስም ዛሬውኑ ይተው።