ሁሉም አፍንጫውን ያያል

ጥይት ከነቀለሃው ሲበር የሚስሉ ሠዓሊዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። ቀለሃው እዚያው መሣሪያው ዘንድ ይቀራል፤ የሚበረው አረሩ ብቻ ነው።

ድምፅ በ15 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያ የፈጠነ አረር ፊት ለፊቱ ያለው አየር መምጣቱን ቀድሞ አያውቅም፤ ድንገት ይጨመቅና ሞገድ ይሆናል። ይህን ሞገድ ፒተር ሳልቸር በ1886 እ.ኤ.አ. በፊዩሜ፣ በዛሬዋ ሪየካ፣ ለኧርነስት ማኽ ጥናት ፎቶ አነሳው። ሹል አፍንጫ ሞገዱን ያለዝበዋል። ይህን ማንም ያውቃል።

ማንም የማያየው ኋላውን ነው። አየሩ ጠፍጣፋውን ቂጥ ታጥፎ ሊሞላው አይደርስም፤ ከኋላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከፊት ያለው ግፊት ደግሞ አረሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። በመድፍ ጥይት ላይ ይህ ብቻውን ከጠቅላላው የአየር ጉተታ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ፈረንሳዮች በ1898 ባወጡት የጠመንጃ ጥይት ኋላውን አሹለው ጉተታውን ቀነሱ። ሹለቱ ከጥቂት ዲግሪ ሲያልፍ ግን አየሩ ይላቀቅና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ስዊድኖች በ1960ዎቹ የቀየሱትን መላ ግን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። በጥይቱ ቂጥ ቀስ ብሎ የሚነድ ቅመም ይቀመጣል፤ ጋዙ ከጀበና አፍ እንደሚወጣ እንፋሎት ዝግ ብሎ እየወጣ ጉድለቱን ይሞላል።

በጡረታ ላይ ያሉ መድፈኛ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው፣ «ሮኬት ነዋ!» አሉኝ።

«አይደለም፣ ጋሼ። ሮኬት ይገፋል፤ ይሄ የሚይዘውን ያላላል።»

«እሳት ከኋላ እየወጣ?»

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጋዙ ጥይቱን ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከቁጥር አይገባም። እንዲያውም ጋዙ በኃይል ቢፈተለክ ከኋላ ያለውን አየር አብሮ ይጠርግና ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ቀርፋፋነቱ ነው የሚፈለገው። ሌሊት እሳት እየጎተተ የሚታየው ጥይትም እሳቱ እስኪያልቅ ድረስ፣ ያው ቅርጽ ካለው ተራ ጥይት ያነሰ ጉተታ አለበት። ጋሼ ያን እሳት ስንቴ አይተውታል፤ ጥይቱን ይገፋል ያላቸው ግን የለም።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሁሉም እኩል ካልነደደስ?» አሉኝ። እውነትም የዚህ መላ ድክመት እሱ ነው፤ ርቀቱ ወደ ሩብ ያህል ቢጨምርም፣ የአነዳደድ ልዩነት አወዳደቁን ይበታትነዋል።