ክር የዋጠች ድመት

ድመት የዋጠችው ባዕድ ነገር ሁሉ እኩል አያሰጋም። ትንሽ ጠጠር ከሰገራዋ ጋር ሊወጣ ይችላል፤ ተለቅ ያለ የሸሚዝ ቁልፍ አንድ ቦታ ላይ ተወትፎ ይቀራል። የእንስሳት ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያስፈራቸው ለስላሳው ነው፦ የስፌት ክር፣ ፈትል፣ የስጦታ ሪባን፣ የሥጋ ሽታ ያለው ሲባጎ።

ነገሩ የሚጀምረው ከምላሷ ነው። በላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ሁሉም ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ናቸው። ጸጉር ለማበጠርና ሥጋ ከአጥንት ለመፋቅ ግሩም ናቸው፤ አንዴ የያዙትን ክር ለመትፋት ግን አይመቹም። ስለዚህ መጫወት የጀመረችውን ክር እየዋጠች ትሄዳለች። መርፌ ካለበትም አብሮ ይወርዳል።

አንዳንዴ የክሩ አንድ ክፍል ምላሷ ሥር ይጠመጠማል፣ ወይም ጨጓራዋ መውጫ ላይ ይያዛል። አንጀት ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች መግፋት ሥራው ነው። ክሩ ተይዟልና አልሄድ ሲለው አንጀቱ ራሱ ገመዱ እንደተሳበ የሱሪ ወገብ ይሸበሸባል። የተወጠረው ክር የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ እየገዘገዘ፣ ከቆየ በብዙ ቦታ ይበሳዋል። ያኔ ቆሻሻው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ድመቷን ማትረፍም በጣም ይከብዳል።

ምልክቱ አሳሳች ነው። ታስመልሳለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ጥግ ይዛ ትደበቃለች። ባለቤቷም «የላሰችው ጸጉር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጸጉር የተፋች ድመት ግን ብዙውን ጊዜ ወዲያው ወደ ምግቧ ትመለሳለች። ደጋግማ እያስመለሰች የማትበላ ከሆነ ሐኪም ሳያያት ማደር የለባትም። ለጥቂት ቀናት ምግብ ያልቀመሰች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷም በስብ ተሞልቶ ሌላ በሽታ ሊጨመርባት ይችላል።

ክር የሚበሉት አብዛኞቹ ተጫዋች ግልገሎች ናቸው። እንደ ሲያሚዝ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ ሱፍና ጨርቅ የመጥባት አመል አላቸው። አፈር ወይም የመጸዳጃ አሸዋዋን የምትበላ ድመት ግን ደም አንሷት ሊሆን ስለሚችል አመል ነው ብሎ መተው አይገባም።

ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ አፏን ከፍቶ ምላሷን ከሥሩ ያያል። ክሩ በራጅ ላይታይ ይችላል፤ የተሸበሸበው አንጀት ግን በራጅም በአልትራሳውንድም ሊታይ ይችላል። የክሩ ጫፍ ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ወጥቶ ቢታይ እንኳ በእጅ አይሳብም፤ መሳብ መገዝገዙን ማባባስ ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜም ሐኪሙ መጀመሪያ ክሩን ከተያዘበት ቦታ ቆርጦ ያላላዋል፣ ከዚያ አንጀቱን አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቦታ ከፍቶ ቁራጭ በቁራጭ ያወጣዋል።