ያውቁ ኖሯል? ፒክአፕ በሲያትል

በሲያትል ሐበሻ መካከል ፒክአፕ ያለው ሰው ስልኩ አያርፍም። ቤት የሚቀይረው ይደውላል፤ ለቅሶ ቤት ወንበርና ድንኳን የሚያደርሰውም እሱ ነው። ለመግዛት ካሰቡ ወይም ገዝተው ከያዙ፣ እነዚህን ያውቁ ኖሯል? (ከአገር ቤቱ በቀር ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

• ቶዮታ «ታኮማ» የተራራ ስም ነው። ሰማዩ ሲጠራ ከሲያትል በረዶ ተከናንቦ የሚታየውን ማውንት ሬኒየርን ነባር ሕዝቦቹ በዚህ ስም ይጠሩታል። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል።

• አገር ቤት የሚያውቁት ሃይሉክስ እዚህ የማይሸጥበት አንዱ ምክንያት ዶሮ ነው! የአውሮፓ የጋራ ገበያ አገሮች በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ቢከምሩ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1963 ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የዶሮው ጠብ ተረሳ፤ ቀረጡ ግን እንደጸና ኖረ።

• ፎርድ ከፋብሪካ የወጣ የመጀመሪያ ፒክአፑን ለገበያ ያቀረበው በሚያዝያ 1925 ሲሆን ዋጋው 281 ዶላር ነበር።

• ኤፍ-150 በ1975 የተወለደው ከሕግ ለማምለጥ ነው። ሙሉ ክብደቱ ከ6,000 ፓውንድ እንዲያልፍ ተደርጎ ስለተሠራ፣ የያኔው አዲስ የጭስ ቁጥጥር ደንብ አልደረሰበትም።

• «ጋቢና»፣ «ጎማ»፣ «ባሌስትራ» ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ደብል ጋቢና ሲሉ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።

• ባለ 4 በ8 ጫማ ኮምፔንሳቶ ጭነው የኋላውን በር መዝጋት ከፈለጉ፣ ባለ 8 ጫማ ካሶኒ ያስፈልግዎታል። ብዙው ደብል ጋቢና ግን ከ5 እስከ 6 ጫማ ተኩል ነው። የሚጭኑትን ሳይለኩ አይግዙ።

• የመኪናዎ ትክክለኛ የመጫን አቅም የተጻፈው በሾፌሩ በር ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ቁጥሩ ሰውንም ዕቃንም ይጨምራል። ወረቀቱ 1,500 ፓውንድ ቢል፣ እያንዳንዳቸው 180 ፓውንድ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ሲገቡ 900 አለቀ፤ ለዕቃ የቀረው 600 ብቻ ነው።

• አንድ ኪዩቢክ ያርድ ጠጠር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ካሶኒው ገና ሳይሞላ ባሌስትራው ሊደክም ይችላል።

• ዋሽንግተን ውስጥ ከግለሰብ ሲገዙ ታይትሉን በ15 ቀን ውስጥ ወደ ስምዎ ካላዞሩ ቅጣት ይከተላል። ሻጩም መሸጡን በ5 የሥራ ቀን ማሳወቅ አለበት።

• የዋሽንግተን የጭስ ምርመራ ከጥር 2020 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ አሮጌ ፒክአፕ ሲገዙ ጭሱን የሚያይልዎት መካኒክዎ ብቻ ነው።

• ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዳለች። ፒክአፕ ለቤተሰብ ልላክ ካሉ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ።

• የመጨረሻውን በተለይ ልብ ይበሉ። በ2004 ሬንተን አጠገብ፣ በ405 አውራ ጎዳና ላይ፣ በደንብ ካልታሰረ ጭነት የወደቀ የቤት ዕቃ ሳንቃ የአንዲት ወጣት መኪና መስታወት ሰብሮ ገባ። ወጣቷ በሕይወት ብትተርፍም የዓይኗን ብርሃን አጣች። በዓመቱ በስሟ የሚጠራ ሕግ ወጣ፤ ያልታሰረ ጭነት ሰው ቢጎዳ ለእስር የሚያበቃ ወንጀል ሆነ።

ስለዚህ ሶፋውን ለወዳጅዎ ሲያደርሱ በራሱ ክብደት አይመኑ። በሁለት ቀበቶ አጥብቀው ይሰሩት፤ በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ጥቂት ከነዱ በኋላ አውራ ጎዳና ሳይገቡ ጥግ ይዘው እንደገና ይዩት። ከኋላዎ የሚመጣውም የሰው ልጅ ነው።