አምፕሊፋየሩ ለምን ያጉረመርማል? ስለ ኮንደንሰር ምርጫ በካትሌሆንግ ለሚኖሩ ወገኖቻችን

ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በካትሌሆንግ፣ እንዲሁም በጎረቤቶቿ በቶኮዛና በቮስሉረስ ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ ወገኖቻችን ዘንድ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር አይጠፋም። ቀን በሱቁ ሙዚቃ ያሰማል፤ እሑድ ደግሞ ለክርስትና ወይም ለሠርግ በታክሲ ተጭኖ ይሄዳል። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. መብራት በየዕለቱ ለሰዓታት ሲጠፋና ሲመጣ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ተንገላቷል።

ዕቃው «እምምም» እያለ ማጉረምረም ሲጀምር አንዳንዱ ጠጋኝ «አልቆለታል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ይመልሳል። ማኅበሩ ወራት ያጠራቀመው ገንዘብ የሚወጣው ያኔ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ራንድ የሚገዛ ኮንደንሰር ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ድምፁን እስከ መጨረሻ ቀንሳችሁት ጉርምርምታው ካልቀነሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኃይል ክፍሉ ኮንደንሰር ነው። ከድምፁ ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ግን ገመዱን ፈትሹ።

በደቡብ አፍሪካም ሆነ በአገራችን መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በዳዮድ ሲቀና 100 ግፊት ይሆናል። ቧንቧ እየመጣ እየሄደ ሲያስቸግር ጋን ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ቤቱን እንደሚያቆየው ሁሉ፣ ኮንደንሰሩ በሁለት ግፊት መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። በውስጡ የአሉሚኒየም ቅጠልና በፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለ። ፈሳሹ በሙቀትና በዕድሜ ሲደርቅ ጋኑ ጎደለ ማለት ነው።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ቮልቱ ነው። ከትራንስፎርመሩ 25 ቮልት ቢወጣ፣ ከዳዮዱ በኋላ ወደ 35 ይደርሳል። የመንገዱ መብራት ከ230 በ10 በመቶ ከፍ ቢል 39 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ 35 ቮልት የሚል ኮንደንሰር አይበቃም፤ የ50 ይገዛል። ከፍ ያለ ቮልት ጉዳት የለውም፤ መጠኑ ከቦታው ጋር መግጠሙን ብቻ ማየት ነው።

ሙቀቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። በዕቃው ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም 2,000 ሰዓት የተባሉ ቢሆኑና የሣጥኑ ውስጥ 65 ዲግሪ ቢሆን፣ ባለ 85ቱ 8,000፣ ባለ 105ቱ 32,000 ሰዓት ይሠራል። በቀን 8 ሰዓት ለሚያሰማ ሱቅ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት አይሞላም፤ ሁለተኛው ከአሥር ዓመት በላይ ይሄዳል። የቆርቆሮ ጣራ ሥር ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት የዋጋውን ጭማሪ ያካክሳል። «ለሙዚቃ የተሠራ» ተብሎ በወርቃማ ጽሑፍ እጥፍ የሚሸጠው ግን ለኃይል ክፍሉ ብዙም አይጠቅምም።

የማይክሮፋራዱን ቁጥር የፊተኛው ላይ እንደነበረ መያዝ ነው። ትንሽ ቢበልጥ ይቻላል፤ ሦስት አራት እጥፍ ማድረግ ግን ሲበራ ዳዮዱንና ፊውዙን ያስጨንቃል። በድሮዎቹ አምፕሊፋየሮች ከድምፅ ማጉያው ፊት በተቀመጠው ላይ ደግሞ መቀነስ ጉዳት አለው፦ በ2,200 ፋንታ 470 ከገባ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ይቀንሳል።

አስመሳይ ዕቃም አለ። የኒቺኮን ወይም የሩቢኮን ስም ታትሞበት፣ በትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ኮንደንሰር የተደበቀበት ይገኛል። ከእውነተኛው ጋር በእጅ ሲመዘን ይቀልላል።

ክፍቱን ሣጥን ከመንካት በፊት ሶኬቱን ነቅሎ፣ በ1 ኪሎ ኦምና በ5 ዋት ሬዚስተር አንድ ደቂቃ ያህል ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ መብራት ቢጠፋም ውስጡ ጉልበት ይቀራል። የመቀነስ ምልክት ያለው ጎን በትክክል ይግባ፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል። መጀመሪያ ሲበራ ከመስመሩ ጋር የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ይግባ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ወዲያውኑ ይነቀል።