ስለ ፈረንሳይኛ መምህራን ወንበር

በቨርጂንያና በሜሪላንድ ልጆች የምታሳድጉ የዚህ ቻናል አንባብያን፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ለመጪው ዓመት የፈረንሳይኛን ትምህርት ለማጠፍ ማሰቡን ጽፋችሁልኝ፣ ‹‹ስፓኒሽ እስካለ ድረስ ምን ይጎድልባቸዋል?›› ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በልጅነቴ በአዲስ አበባ ፈረንሳይኛ የተማርሁ፣ በኋላም ሕግ አጥንቼ በዚያ ልሳን የተጻፈውን በመመርመር ብዙ ዘመን ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ ጥያቄውን በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ ለነገሩም ሆነ ለእናንተ ክብር የሚመጥን ስላልመሰለኝ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ ወደድሁ።

ነገሩ ከታች የተነሣ ሳይሆን ከላይ የወረደ ነው። ከዋሽንግተን በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ በማትሞላው በሞርጋንታውን ከተማ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ተመሥርቶ የዚያ ተራራማ የድንጋይ ከሰል አገር ልጆች ከፍተኛ ትምህርት ሲቀስሙበት የኖረው የዌስት ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የ45 ሚሊዮን ዶላር የበጀት ጉድለት ስለ ደረሰበት፣ በፕሬዝዳንቱ በጎርደን ጂ አስተዳደር የተሰናዳው ዕቅድ የዓለም ልሳናትን፣ ሥነ ጽሑፍንና ሥነ ልሳንን የሚያስተምረው ክፍል ፈጽሞ እንዲዘጋ፣ በምትኩም በኢንተርኔት የሚሠራ የቋንቋ መተግበሪያ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚደረግ የርቀት ትምህርት ስምምነት እንዲታሰብ አመለከተ። ተማሪዎቹ በአደባባይ ተሰልፈው ተቃወሙ፤ መምህራኑም ክፍላቸው ከሚወስደው ገንዘብ ይልቅ ለዩኒቨርሲቲው የሚያስገባው እንደሚበልጥ እያስረዱ ተከራከሩ፤ ነገር ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን የዩኒቨርሲቲው ቦርድ 28 የትምህርት ዘርፎች እንዲታጠፉና 143 የመምህራን መደቦች እንዲሰረዙ ወሰነ። ስፓኒሽና ቻይንኛ በጥቂት መምህራን እጅ የምርጫ ትምህርት ሆነው ሲቀሩ፣ ፈረንሳይኛን በዲግሪ ደረጃ የመማር ነገር በዚያ ስፍራ አከተመ።

ይህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የፈጸመው ሥራ አይደለም። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የሚተዳደረው የኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈረንሳይኛን፣ ጣልያንኛንና ሩስኛን ከጥንታዊ ልሳናትና ከቴአትር ጋር ባንድነት ለማቋረጥ መወሰኑን አስታውቆ ነበር፤ የአሜሪካ የዘመናዊ ልሳናት ማኅበርም ባደረገው ቆጠራ ከ2013 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ብቻ በአገሪቱ ኮሌጆች 651 የቋንቋ መርሐ ግብሮች መዘጋታቸውን ሲያመለክት፣ ከነዚህ ከማናቸውም ልሳን የሚበልጠውን ቁጥር፣ ማለት 129ኙን፣ ያጣው ፈረንሳይኛ ነበር።

ለእነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ የሚቀርበው ምክንያት የተማሪ ቁጥር ማነስ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚቆጠር መመርመር ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ ስለ ፈረንሳይኛ ሲመዝን ብዙ ጊዜ የሚያየው በዚያ ትምህርት ዲግሪ የሚወስዱትን ነው፤ እነሱም በየትኛውም ዘመን ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም በዚያው ወንበር ሥር የሚቀመጡት፣ የታሪክ ተመራማሪ ለመሆን የሚያጠናው፣ ወደ ሴኔጋል ወይም ወደ ኮንጎ ሄዳ በሕዝብ ጤና ልታገለግል የምታስበው፣ ዜማ የሚያጠናው፣ ዓለም አቀፍ ሕግ የምትማረው ሁሉ፣ በሌላ ክፍል መዝገብ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ፈረንሳይኛው በሚመዘንበት ቀን ከሚዛኑ ላይ አይገኙም። ልሳን ደግሞ በደረጃ የሚወጣ ትምህርት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ሆነው የጀመሩ በአራተኛው ዓመት ስድስት ወይም ሰባት ቢሆኑ ይህ የትምህርቱ ጠባይ እንጂ የመምህሩ ድካም አይደለም፤ ያን የስድስቱን ክፍል አንሷል ብሎ የሚያጥፍ ሰው ግን፣ ታች ላሉት ሠላሳዎች የሚወጡበትን ሰገነት ስላፈረሰባቸው፣ እነሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ይበተናሉ።

የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያውቁ አንባብያን ይህን ለመረዳት ከማንም ይልቅ ይቀርባቸዋል። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር በየትኛውም ደብር ቢማር፣ በመጨረሻ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ በዚያ ካሉት መምህር ዘንድ አስመስክሮ ካልተመለሰ በቀር ወንበር እንደማይዘረጋ ሁላችን ሰምተናል። ወደ ቤተልሔም በየዓመቱ የሚሄዱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ስለ ጥቂትነታቸው ግን ምስክሩ ጉባኤ ይፈታ ቢባል፣ በየአጥቢያው የሚያዜሙት ብዙዎች ለአሁኑ ማዜማቸውን ቢቀጥሉም፣ ያሉት መምህራን ባረፉ ጊዜ የሚተካቸው አይገኝም፤ ጉዳቱም ጉባኤውን በፈቱት ሰዎች ዕድሜ ሳይሆን በልጆቻቸው ዕድሜ ይታያል። በአሜሪካም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ መምህር የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ክፍሉን ዘግቶ መምህር ማውጣት ሲያቆም፣ የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ጡረታ በወጣው መምህር ምትክ የሚቀጥረው አጣሁ ብሎ ትምህርቱን ያጥፋል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛ ተምሮ የሚመጣ ተማሪ አጣሁ ብሎ የቀረውን ይዘጋል። አንዱ የሌላውን ጥፋት ምክንያት እያደረገ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በሁለቱም ዘንድ የቀረበው ቁጥር ግን እውነተኛ ቁጥር ነበር።

የተቋረጠውን መልሶ ለመቀጠል ምን ያህል እንደሚከብድ በሉዊዚያና የደረሰው ያስረዳል። በዚያ ክፍለ ግዛት ፈረንሳይኛ የውጭ ልሳን ሳይሆን የአባቶች ቋንቋ ነበር፤ በረግረጉና በባሕሩ ዳር የሚኖሩት የአካዲያ ስደተኞች ዘሮች፣ ክሪዮሎችና ነባር ሕዝቦች ለብዙ ትውልድ በቤታቸው የሚናገሩት እሱን ነበር። እ.ኤ.አ. የ1921 ሕገ መንግሥት በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ከደነገገ በኋላ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ የተናገረ ሕፃን ‹‹ፈረንሳይኛ አልናገርም›› የሚል ቃል እየደጋገመ እንዲጽፍ ይቀጣ ነበር፤ እነዚያ ሕፃናት ባደጉ ጊዜ የራሳቸው ልጆች እንደ እነሱ እንዳይዋረዱ በማሰብ ልሳኑን ሳያወርሱ ቀሩ። ያው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 በጄምስ ዶመንጆ መሪነት ፈረንሳይኛን የሚያስፋፋ ምክር ቤት ባቋቋመ ጊዜ በአገሩ በቂ መምህር ስላልተገኘ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅግና ከካናዳ መምህራን ማስመጣት ግድ ሆነበት። መጻተኞቹ በታላቅ ትጋት ያስተማሩ ቢሆንም፣ ይዘውት የመጡት የመጽሐፍ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር፣ ብዙዎቹ ሕፃናት በትምህርት ቤት በተማሩት ልሳን ከአያታቸው ጋር መጫወት አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በፖይንት ኦ ሺን የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪ ቁጥር አንሷል ተብሎ ሲዘጋ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብና ካጁን የሚባሉት የአካዲያ ዘሮች ቤተሰቦች ታግለው በ2023 ሕፃናት በፈረንሳይኛ የሚማሩበት ሌላ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ በደስታና በኀዘን ይከፈላል፤ ደስታዬ ስለ ወላጆቹ ጽናት ሲሆን፣ ኀዘኔ ትምህርቱ አስቀድሞ ሳይፈርስ በጥቂት ዋጋ ሊጠበቅ የሚችል ስለ ነበር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ ኢትዮጵያውያን ፈረንሳይኛን የተማርነው ቅኝ ገዥ ጭኖብን ሳይሆን በራሳችን ፈቃድ ነው። ከጠላት ወረራ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ በዲፕሎማሲውም፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው ምድር ባቡርም ከውጭ ልሳናት ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በልጅነታቸው በሐረር የተማሩት የውጭ ልሳን ፈረንሳይኛ ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ስፍራውን ቢወስድም፣ ሕጋችን ሲጻፍ ግን ፈረንሳይኛ እንደ ገና ተመለሰ። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊስ ተወላጁ ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የንግድ ሕጉንም ዣን ኤስካራ ጀምረው አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት ሲሆን፣ ሁሉም የጻፉት በፈረንሳይኛ ነበር። የወንጀሉና የንግዱ ሕጎች በኋላ በአዲስ ቢተኩም፣ 3367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከቤተሰብ ክፍሉ በቀር አብዛኛው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሕጋዊው ቃል የአማርኛው መሆኑ ባያጠራጥርም፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው የተለያዩ በመሰሉበት ቦታ የአርቃቂው ሐሳብ ምን እንደ ነበረ የሚያሳየው የፈረንሳይኛው ረቂቅ ነው፤ እኔም በሙያዬ ዘመን ስለ ውልና ስለ ውርስ በተነሣ ክርክር ይህን ረቂቅ ገልጬ ነገሩ የጠራልኝ ጊዜ አለ። ይህን ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ የሕግ ሰው ባይኖር፣ የገዛ ሕጋችንን ምንጭ እንዲያነብልን ባዕድ ልንለምን ነው።

በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በኩልም ነገሩ እንዲሁ ነው። አንቷን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአገራችን ሰብስቦ የወሰዳቸው ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ እሱ ራሱ ያዘጋጀው ዝርዝራቸውም በፈረንሳይኛ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕልና የቅዱስ ላሊበላን ገድል ዡል ፔሩሾን፣ የስንክሳሩንም ብዙ ወራት እነ ሲልቫን ግሬቦ፣ ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጓሜ ጋር አሳትመዋቸዋል። ከዚህም የሚከብድ አለ። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጓድ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር በደረሰ ጊዜ የአባ አንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አኑሮ ሄዷል፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በፓሪስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የጓዱ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በየዕለቱ የመዘገበውን በ1934 በፈረንሳይኛ አሳትሞታል። እነዚያ ሥዕሎች ስለሚመለሱበት ነገር አንድ ቀን በሸንጎ ፊት የሚከራከር ኢትዮጵያዊ፣ ማስረጃውን በዚያ መጽሐፍና በዚያ ዘመን የፈረንሳይ መዛግብት ውስጥ ያገኘዋል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች ደግሞ ሳልመልስ አላልፍም። የበጀት ጉድለቱ እውነተኛ ነው፤ ገንዘብ የጎደለበት ትምህርት ቤት ከአንድ ነገር መቀነስ እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓመት በአንድ ሰዓት አጣምሮ ማስተማር፣ አንድን መምህር ለሁለት ትምህርት ቤቶች ማካፈል፣ ይህን የመሳሰለ መጠነኛ መንገድ ሁሉ ሳይሞከር ወንበሩን ፈጽሞ ማጠፍ ቁጠባ ሊባል አይገባውም። መሣሪያው ይተረጉምልናል የሚሉትንም በጥሞና ሰምቻቸዋለሁ፤ ለመንገድ ጥያቄና ለምግብ ቤት ዝርዝር በእርግጥ ይበቃል፤ የውርስ መብት ወይም የሰው ነጻነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ ግን፣ መሣሪያው የተረጎመው ልክ መሆኑን የሚፈርደው ልሳኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ የቅኝ ገዥ ልሳን ነው የሚሉትም ከታሪክ የተነሣ ቅሬታ አላቸውና አልነቅፋቸውም፤ ሆኖም በአዲስ አበባ በሚቀመጠው የአፍሪካ ኅብረት ከአባል አገሮቹ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሐሳባቸውን የሚገልጡበት፣ የባሕር በራችን የሆነችው ጅቡቲም ሕጓን የምታውጅበት ልሳን ስለ ሆነ፣ አለማወቃችን የሚጎዳው እኛን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ይህ ቅነሳ የሚያርፈው በማን ላይ እንደ ሆነ ሳስበው ነው። ከፍተኛ ገንዘብ የሚከፈልባቸው የግል ትምህርት ቤቶችና የታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች ፈረንሳይኛን ማስተማራቸውን አልተዉም። የሚዘጋው በሞርጋንታውን ነው፤ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ በሚማርበት፣ ሌሊት ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችንም ሊልኩበት በሚችሉበት በሕዝብ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ወላጆች የምለው ይህ ነው። የመጪው ዓመት ትምህርት ምርጫ ቅጽ በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ገደማ ይደርሳችኋል፤ ልጃችሁ ፈረንሳይኛ መማር የሚወድ ከሆነ በዚያ ጊዜ ይመዝገብ፤ ክፍሉ መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው በዚያ መዝገብ ነውና። በጀቱ በሚጸድቅበት በጸደዩ ወራት ደግሞ የትምህርት ቦርዱ ለሕዝብ ክፍት በሚያደርገው ስብሰባ እያንዳንዱ ተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ ስለሚሰጠው፣ አስቀድማችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በዚያም ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፤ በጀማሪው ክፍል ስንት ተማሪዎች እንዳሉ፣ ሁለቱን ከፍተኛ ደረጃዎች አጣምሮ ማስተማር ተሞክሮ እንደ ሆነ፣ መምህሩም በጡረታ የሚወጣ ከሆነ የምትክ ቅጥር ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ። በአገር ቤት ያላችሁ የሕግ መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ ለማንበብ ብቻ የሚያበቃ የአንድ ዓመት የንባብ ፈረንሳይኛ ለከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችሁ ለመስጠት ብታስቡ፣ የመልመጃ አንቀጾቹን መርጬ ከማብራሪያ ጋር በዚህ ቻናል ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ ከውል ሕጉ እንጀምራለን።