ብር በመድኃኒት ሸቀጥነት፤ ስለ ብር ሃይድሮጄል ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

የማርያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት ጠገራ ብር በወረኢሉና በአካባቢው ገበያዎች ለረጅም ዘመን መገበያያ ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ከ28 ግራም ክብደቱ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ስለ ነበረ አንጥረኞች እያቀለጡ ጌጥና መስቀል ይሠሩበት ነበር። ይኸው ማዕድን ዛሬ በቁስል መድኃኒትነት ለገበያ ስለሚቀርብ፥ አስመጪውም ባለሱቁም የሸቀጡን ጠባይ ዐውቆ ሊገዛና ሊሸጥ ይገባዋል።

ሃይድሮጄል ማለት ብዙ ውሃ አቅፎ የሚይዝ፥ የረጋ ዝልግልግ ነገር ሲሆን፥ ቁስሉ እንዳይደርቅ ይጠብቃል። የሚጨመርበት ብር ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርስ ደቃቅ ነው፤ አንድ ናኖሜትርም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ብሩ እንዲህ ሲደቅ ገጹ እጅግ ስለሚሰፋ የብር አዮኖችን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ እነዚህም የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳሉ፥ ኤንዛይሞቹንም ያሰናክላሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሲልቨር ናይትሬት የተባለው ጨው በዲስቲልድ ውሃ ይሟሟል፤ ክሎራይድ ያለበት ተራ ውሃ ነጭ ዝቃጭ ያወጣልና። ቀጥሎ ሲትሬት ወይም የቅጠል ጭማቂ ሲጨመርበት ደቃቁ ብር ይፈጠራል፥ ውሃውም ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ይለወጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት ለዚህ ተግባር የኮሶን ቅጠል ተጠቅሟል። በመጨረሻ ከፖሊቪኒል አልኮሆል ጋር ተቀላቅሎ፥ ደጋግሞ በረዶ እየሆነ ሲሟሟ ይረጋል። በሌላም ዘዴ ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣው ጄላቲን ስለሚያገለግል፥ የቆዳ ነጋዴዎቻችን ጉዳዩን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ገዢው ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ የብሩ መጠን በጽሑፍ መገለጹን፤ መጠኑ ሲበዛ ቁስሉን የሚያድነውን ሕያው አካልም ይጎዳልና። ሁለተኛ፥ ብርሃን ብርን ስለሚለውጥ ዕቃው ብርሃን በማያሳልፍ መያዣ መታሸጉን። ሦስተኛ፥ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል።

በተለይ «የሚጠጣ ብር» እየተባለ ከሚቀርብ ጠርሙስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብር በሰውነት ውስጥ ሲከማች ቆዳን ለዘለቄታው ግራጫ ሰማያዊ ያደርጋል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ1999 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ደኅንነታቸውና ፈዋሽነታቸው የተረጋገጠ አይደለም ብሎ ደንግጓል።

የጠገራው ብር ነጋዴ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ሳይለይ አይቀበልም ነበር። ቁስለኛ የሚታመንበትን ብር የሚሸጥ ነጋዴማ ከዚያ የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።